በሪሞት አልከፈት ያለ በር፦ ብልሽቱን ተከታትዬ ያገኘሁበት መንገድ

መኪናዬ ላይ የታየው ምልክት ግራ የሚያጋባ ነበር። ሪሞቱን ስጫን ሦስቱ በሮች ቀጭ ብለው ይከፈታሉ። የሾፌሩ በር ግን አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ እንደተቆለፈ ይቀራል። ቆየት ብሎ የዚያው በር መስታወት መውረድ አቆመ። በሩን ገርበብ ሳደርገው ይሠራል፣ ስዘጋው ጸጥ ይላል። በመሃል ደግሞ ሁሉም በር ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ በር ክፍት ነው የሚለው መብራት ይበራል።

የጠየቅኳቸው ሰዎች የየራሳቸውን መልስ ሰጡኝ። አንዱ ሪሞቱን ቀይረው አለኝ። ሌላው የበሩ ቁልፍ ሞተር ሞቷል አለ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ምንም ሳይከፍት የመኪናውን ኮምፒውተር እንቀይረው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሦስቱም ሊበላሹ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው። ግን ማናቸውም ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አውጥተው አልለኩም። እንዲህ ባለ ብልሽት ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ኪስ ያራቁታል፣ ችግሩ ግን እዚያው ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ከነምክንያቱ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ እንወቅ። ሪሞቱን ስትጫኑ በሬዲዮ ሞገድ ኮድ ይልካል። ሞገዱ በአብዛኛው 315 ወይም 433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ ኮዱን ሰምቶ ያጣራል። ከዚያ በሮችን፣ መብራቶችንና መስታወቶችን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ትእዛዙን ይቀበላል። በፊውዝ በኩል ያገኘውን ኃይል በሽቦ ወደ በሩ ይልካል። በሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ቁልፉን ትገፋለች ወይም ትስባለች። ብልሽቱ የግድ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። የእኛ ሥራ መልእክቱ የት ላይ እንደቆመ ማግኘት ነው።

ለዚህ ምንም መሣሪያ የማይፈልጉ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሪሞቱን ስትጫኑ ፍሬቻው ብልጭ ይላል ወይ? ችግሩ የሁሉም በር ነው ወይስ የአንድ በር ብቻ? ከውስጥ ባለው የመቆለፊያ ማብሪያ ስትሞክሩትስ?

ፍሬቻው ብልጭ ካለ መኪናው ሰምቷል ማለት ነው። ሪሞቱ፣ የሪሞቱ ባትሪና ተቀባዩ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ይወጣሉ። አንድ በር ብቻ ከሆነ ደግሞ የጋራ የሆኑት ነገሮች፣ ማለትም ዋናው ፊውዝና ተቀባዩ፣ ብዙም አያስጠረጥሩም። ከውስጥ ባለው ማብሪያም ያው በር ካልታዘዘ ስለ ሪሞት ማሰቡን ተዉት። የእኔ መኪና ሦስቱንም መልስ በደቂቃ ውስጥ ሰጠኝ። ፍሬቻው ይበራል፣ ችግሩ የአንድ በር ነው፣ ከውስጥም ያው ነው። አዲስ ሪሞት መግዛት ለእኔ ምንም እንደማይፈይድ በዚህ ታወቀ።

የእናንተ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ፍሬቻውም ካልበራ፣ አንዱም በር ካልተንቀሳቀሰ፣ ከውስጥ ግን በማብሪያው ሁሉም በር ከሠራ ችግሩ ያለው ከሪሞቱ እስከ ተቀባዩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቀላሉ ፈተና ትርፉ ቁልፍ ነው። በትርፉ ከሠራ የመጀመሪያው ሪሞት ታሟል። ቀጥሎ የሪሞቱን ባትሪ እዩ። ብዙ ሪሞቶች ሲአር 2032 የሚባለውን ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይጠቀማሉ። ሲአር 2025 ተመሳሳይ ስፋት አለው፣ ግን ስስ ነው፤ ቦታው ላይ ላላ ብሎ ሊቀመጥ ስለሚችል አትለዋውጧቸው። ባትሪው ብቻውን ሲለካ 3 ቮልት ማሳየቱ አያሳምናችሁ። ሪሞቱ ውስጥ እንዳለ፣ ቁልፉ ተጭኖ ሲለካ ቮልቱ ወደ ታች ከወረደ አርጅቷል። በብርድ ጠዋት የማይሠራና ቀን ሲሞቅ የሚሠራ ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው የደከመ ነው። ድሮ ከሩቅ የሚከፍት ሪሞት መኪናው አጠገብ ካልደረሳችሁ እንቢ ካለም እንደዚሁ።

ባትሪው ደህና ሆኖ ካልሠራ ሪሞቱን ከፍታችሁ ባትሪውን የሚይዙትን ብረቶች ተመልከቱ። ይላላሉ፣ ይዝጋሉ። የምንጫናት ትንሿ ማብሪያም ከሰሌዳው ላይ የተበየደችበት ቦታ ይሰነጠቃል። ከአንድ ቦታ ላይ ብቻ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ቦታውን ጠርጥሩ። አጠገቡ ኃይለኛ የሬዲዮ ማሰራጫ ካለ ሞገዱን ይረብሻል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ርካሽ የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ ሊረብሽ ስለሚችል ነቅላችሁ ሞክሩ። አዲስ ሪሞት መግዛት የግድ ከሆነ ሞገዱ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የ315 እና የ433 ሪሞት ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ የተሳሳተው ግን መኪናው ላይ አይመዘገብም።

ቁልፉ ኪስ ውስጥ እንዳለ እጀታውን በመንካት ብቻ የሚከፈት መኪና ካላችሁ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ። እጀታው ውስጥ ያለው አንቴና በዝቅተኛ ሞገድ፣ በብዙ መኪኖች 125 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ቁልፉን ይቀሰቅሰዋል። ቁልፉ የሚመልሰው ግን በተለመደው የሪሞት ሞገድ ነው። ስለዚህ የሪሞቱን ማብሪያ ስትጫኑ ከተከፈተና እጀታውን ስትነኩ ካልተከፈተ፣ ችግሩ በአብዛኛው እጀታው ወይም የእጀታው ሽቦ ነው። በአንድ እጀታ ሠርቶ በሌላው እንቢ ካለ ደግሞ ምንም አያጠራጥርም። እጀታ ውስጥ ውሃ ሲገባ ይህ ይመጣል፤ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ የሚጀምር ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቡ። እንዲህ ያለው መኪና የቁልፉ ባትሪ ቢሞትም አይጥላችሁም። ቁልፉ ውስጥ የተደበቀ ብረት ቁልፍ አለ፣ በሩን ይከፍታል። ሞተሩን ለማስነሳት ደግሞ ቁልፉን ማስነሻው ማብሪያ ላይ ወይም መመሪያው መጽሐፍ በሚያሳየው ቦታ አስጠግቶ መያዝ ይበቃል። የስርቆት መከላከያዋ ቺፕ ኃይል የምታገኘው ከመኪናው ነውና ባትሪ አትፈልግም።

ሁሉም በር በሪሞትም ከውስጥም ካልሠራ ወደ ፊውዝ ሂዱ። ፊውዙን በዓይን ብቻ አትመኑ፤ በሁለቱም ጫፍ ለኩት። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም።

አሁን ወደ እኔ በር ልመለስ። ዋናው ፍንጭ የነበረው የቁልፉ ችግር ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ቁልፉ፣ መስታወቱና በር ክፍት ነው የሚለው መብራት በየራሳቸው ዕቃ የሚሠሩ ናቸው። ሦስት ዕቃ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ በር ላይ ይበላሻል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል። ቦታው ደግሞ ይታወቃል። በሩና የመኪናው አካል በሚገናኙበት፣ በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መሃል፣ የተጨማደደ ጥቁር የጎማ ቱቦ አለ። ወደ በሩ የሚሄደው ሽቦ ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ውስጥ ነው። የቁልፍ፣ የመስታወት፣ የስፖኪዮ፣ የድምፅ ማጉያው ሁሉ።

በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እነዚህ ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ሽቦ በእጃችን ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚበጠሰው ሁሉ እዚያም ውስጥ ቀጫጭኑ የመዳብ ክር አንድ በአንድ ይበጠሳል። ብዙ የሚከፈተው የሾፌሩ በር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመውም እሱ ነው። ክፋቱ ደግሞ መዳቡ ተበጥሶ ላስቲኩ ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። በሩ ገርበብ ሲል የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፣ ሲዘጋ ይለያያሉ። መስታወቱ በሩ ክፍት ሲሆን ብቻ የሚሠራበት ምስጢር ይህ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ወደ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጎማ ክፈቱ።

ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ፈተና አደረግኩ። በሩን ከፍቼ፣ የመስታወቱን ማብሪያ ተጭኜ ይዤ፣ በሌላው እጄ ጎማውን ከላይም ከታችም አንቀሳቀስኩት። መስታወቱ ይሄድና ይቆም ጀመር። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ይህን ስታደርጉ ጣትም ልጅም መስታወቱ አጠገብ አይኑር።

ጎማው በሁለቱም ጫፍ በክሊፕስ ወይም በራሱ ከንፈር የተያዘ ነው። በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ከወጋችሁት ይቀደድና በኋላ ውሃ ያስገባል። የእኔን ወደ ኋላ ስገፋው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወፍራሙ ጥቁር የኔጌቲቭ ሽቦ ላስቲኩ ተሰንጥቆ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሏል። የበሩን መከፈት የምትናገረዋ ቀጭን ሽቦ ላስቲኳ ተልጦ ከዚያው ጥቁር ሽቦ ጋር ትነካካለች። መኪናው በሩ ክፍት ነው ብሎ ያምን የነበረው በዚህ ነው፤ በብዙ መኪኖች በሩ ሲከፈት ያቺ መስመር ከኔጌቲቭ ጋር ትገናኛለችና። ወደ ቁልፉ ሞተር ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ደግሞ ላስቲኩ ምንም ሳይሆን ውስጡ ተበጥሷል። እሱን ያገኘሁት በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው። ሽቦውን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ደህናው አይነቃነቅም። የተበጠሰው እንደ ጎማ ይለጠጣል።

ስለ መለካት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቴስተር ብቻውን ያታልላል። በአንድ ክር ብቻ የተያያዘ ሽቦ ላይ ቴስተር ብታደርጉ 12 ቮልት ያሳያችኋል፤ ቴስተሩ የሚወስደው ኃይል ከቁጥር አይገባምና። ሞተሩ ግን ጥቂት አምፔር ይፈልጋል፣ ያቺ አንድ ክር ደግሞ ያንን በደንብ ማሳለፍ ያቅታታል። ድምፅ በሚያሰማው የቴስተር መፈተሻም ብትሞክሩ ጢጥ ይላል፣ ሽቦው ግን ሞቷል። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት አምፖል ያለው መሞከሪያ ያስፈልጋል። የእኔ ቴስተር 12 ቮልት ባሳየበት ቦታ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ቀላ፣ አልበራም። ኤልኢዲ ያለው መሞከሪያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እሱም የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው።

ሌላው መንገድ በሥራ ላይ እያለ የሚጠፋውን ቮልት መለካት ነው። የቴስተሩን አንድ እግር የመኪናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሩ ውስጥ ያለው የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርጉ። ከዚያ ሌላ ሰው የመስታወቱን ማብሪያ ይጫን። ጤነኛ መስመር ከግማሽ ቮልት በታች ያሳያል። የእኔ ከ2 ቮልት አለፈ። ማብሪያው ሳይጫን ብትለኩት ግን ዜሮ ነው የሚያሳየው፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል።

የቁልፉ ሞተር የራሱ ጠባይ አለው። በብዙ መኪኖች ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ሲቆለፍ ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሲከፈት ይገለበጣል። ሌላ ጊዜ ሁለቱም ሽቦዎች ኃይል የላቸውም። ኃይሉ የሚመጣው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ብዙ ዲጂታል ቴስተሮች ያንን ለማሳየት ጊዜ አይበቃቸውም። «ኃይል አይመጣም» ተብሎ ኮምፒውተር የሚቀየረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። አምፖሉን በሁለቱ ሽቦዎች መሃል አድርጉና መቆለፊያውን ተጫኑ። ለአፍታ በደንብ ብልጭ ካለ ኮምፒውተሩም ሽቦውም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የሞተው ሞተሩ ነው። ምንም ካላለ ከጎማው ማዶ፣ ከመኪናው አካል በኩል ባለው ሶኬት ላይ ያንኑ ድገሙ። እዚያ በርቶ በሩ ውስጥ ካልበራ የተበጠሰው መሃል ላይ ነው። እዚያም ካልበራ ነው ስለ ኮምፒውተሩ ማሰብ የሚቻለው።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በሩ ውስጥ የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አላቸው። ለቁልፉ የተለየ ሽቦ አይሄድም፤ ኃይል፣ ኔጌቲቭና አንድ ወይም ሁለት የመረጃ ሽቦ ብቻ ናቸው ጎማውን የሚያልፉት። በዚህ ጊዜ የመረጃ ሽቦው ከተበጠሰ በሩ ላይ ያለው ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። የመረጃ ሽቦ ላይ አምፖል አታድርጉ፤ የመመርመሪያ ማሽን ያለው ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

ጥገናው ላይ ከመግባታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ቢጫ ሶኬት ወይም በቢጫ ሽፋን የተጠቀለለ ሽቦ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው። አትንኩት፣ በቴስተርም አትለኩት፤ የቴስተሩ ትንሽ ኃይል እንኳ ኤርባግ ሊያስነሳ ይችላል። ባትሪውን ከነቀላችሁ በኋላም መመሪያው መጽሐፍ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቁ።

የተበጠሰውን ሽቦ እዚያው ጎማው ውስጥ አጣምሮ በፕላስተር መጠቅለል የተለመደ ነው። እኔ ፈጽሞ አልመክረውም። ሙቀት ፕላስተሩን ያላቅቀዋል። መበየድም ቢሆን የተበየደው ቦታ ደረቅ ስለሚሆን እዚያው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ካረፈ ከጎኑ እንደገና ይበጠሳል። ያደረግኩት ይህ ነው። የታመመውን ክፍል ቆርጬ ጣልኩ። ውፍረቱ ከድሮው የማያንስ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ገዛሁ። አንዱ መጋጠሚያ በሩ ውስጥ፣ ሌላው በመኪናው አካል ውስጥ እንዲያርፍ አስረዝሜ ቆረጥኩት። ጎማው ውስጥ የሚታጠፈው አዲሱ ሽቦ ብቻ ሆነ። መጋጠሚያዎቹንም በአንድ ቦታ አልደረደርኳቸውም፤ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርጌ ሠራኋቸው። አለበለዚያ እብጠት ይፈጠርና ጎማው ውስጥ አይገባም። በየመጋጠሚያው ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን አለበስኩ። ሽቦ ስትቆርጡ አንድ በአንድ ሥሩ። ሁሉንም ቆርጦ በኋላ ቀለም ማዛመድ ራስ ያዞራል፣ በተለይ ሁለት ተመሳሳይ ቀለም ካለ። ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የተሰነጠቀ ላስቲክ ያለውን ሽቦም፣ ገና ቢሠራም እንኳ፣ አብራችሁ ቀይሩት።

ሽቦው ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ የቀረው የበሩ መቆለፊያ ዕቃ ነው። ሞተሩና በሩ መዘጋቱን የምታውቀው ማይክሮስዊች በብዙ መኪኖች አንድ ላይ የታሸጉ ናቸው። ሞተሩ እየጮኸ ቁልፉ ካልተንቀሳቀሰ የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል። መስታወቱ ደህና ሆኖ በር ክፍት ነው የሚለው መብራት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ማይክሮስዊቿን ጠርጥሩ። ይህ መብራት ችላ የሚባል አይደለም። መኪናው በር ክፍት ነው ብሎ ካመነ ብዙ ጊዜ አልቆለፍም ይላል፤ የውስጥ መብራትና ኮምፒውተሩም አይተኙም። ከዚያ ጠዋት ባትሪ ሞቶ ይገኛል። ጤነኛ መኪና ተቆልፎ ሁሉም ነገር ከተኛ በኋላ የሚወስደው በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በታች ነው። በተደጋጋሚ ባትሪ ለሚያልቅበት ሰው ይህ መፈተሽ ያለበት ቦታ ነው።

የበሩን የውስጥ ሽፋን ለማውጣት የተደበቁ ብሎኖች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእጀታው ኋላና ከመሳቢያው ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍነው ነው የሚገኙት። ሳትፈቱ ከጎተታችሁ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ከሽፋኑ ኋላ ያለውን ላስቲክ ወይም ስፖንጅ መሳይ ልባስ አትቅደዱት። ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው፤ ሙጫው ከደረቀ በአዲስ አጣብቁት። በአንዳንድ መኪኖች በሩ ውስጥ ግጭትን በአየር ግፊት የሚያውቅ የኤርባግ ሴንሰር ስላለ ልባሱ በደንብ መታሸጉ ለእሱም ያስፈልጋል።

ሽፋኑን ከመመለሳችሁ በፊት ሁሉንም ነገር ሞክሩ። በሩ ክፍት እያለ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አስመስሉት፤ መኪናው በሩ ተዘግቷል ብሎ ያምናል። ከዚያ በሪሞቱ ደጋግማችሁ ቆልፉ፣ ክፈቱ። በሩንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እያወዛወዛችሁ ሞክሩት። ስትጨርሱ እጀታውን ስባችሁ ምላሱን መልሱ፤ እንደተቆለፈ በሩን ብትዘጉት መቆለፊያው ይጎዳል። ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር መስታወቱ በአንድ ንክኪ መዘጋት እንቢ ሊል ይችላል። በብዙ መኪኖች እስከ ላይ ዘግቶ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያስተካክለዋል።

እግረ መንገዳችሁን የተሳፋሪውን በር ጎማም ገልጣችሁ እዩት። የእኔ እዚያም ላስቲኩ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፣ መዳቡ ግን ገና አልተነካም፤ በዚያው አዲስ ሽቦ ቀየርኩት። የብረት ቁልፉንም በር ላይ አስገብታችሁ አዙሩት። በሪሞት ብቻ የኖረ መኪና ላይ የቁልፉ ጉድጓድ ዝጎ አልዞር ይላል፤ ትንሽ የግራፋይት ዱቄት አድርጋችሁ እስኪላላ ድረስ ወዲያና ወዲህ አዙሩት።